የፔንዱለም ምልልስና የጊዜው ስሌት
በሐይቅና በአምባሰል አካባቢ ለሚያስተምሩ የፊዚክስ መምህራን የቀረበ ማብራሪያ

መግቢያ

ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው አውራ ጎዳና 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው የሐይቅ ከተማ በአገራችን የትምህርት ታሪክ ውስጥ የታወቀ ስፍራ አላት። በሐይቁ ዳር በሚገኘው በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዐ መሪነት የተስፋፋው ትምህርት ለብዙ ሊቃውንት መፍለቂያ ሆኗል። በአብነት ትምህርት ሥርዓት አንድ ደቀ መዝሙር ንባቡን ስለ ወጣ ብቻ ዐወቀ አይባልም፤ ከንባቡ ቀጥሎ ትርጓሜው ይጠበቅበታል። ንባቡን ይዞ ትርጓሜውን ያላገኘ ተማሪ ቃሉን ተሸከመ እንጂ ምሥጢሩን አላገኘም ይባላል።

ይህ የቆየ ልዩነት ለዛሬው የፊዚክስ ትምህርት ጥሩ መመዘኛ ይሆነናል። ስለ ፔንዱለም የተማረ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ቀመሩን በቃሉ ይወጣዋል። ነገር ግን «ድንጋዩ እጥፍ ቢከብድ ጊዜው ምን ይሆናል?» ወይም «ገመዱ እጥፍ ቢረዝም ጊዜውም እጥፍ ይሆናልን?» ተብሎ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። ይህም ንባብ እንጂ ትርጓሜ አለመያዙን ያመለክታል። ትምህርቱ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ቋንቋ የሚሰጥ በመሆኑ ችግሩ ይበልጥ ይከብዳል፤ ተማሪው የጥያቄውን ሐሳብ ከመመርመሩ በፊት ከቃላቱ ጋር መታገል አለበትና።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ውጤት ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ እንደ ነበሩ ይታወሳል። በዚያው ዓመት ጦርነቱ ወደ ደቡብ ወሎ በደረሰበት ወቅት በርካታ ትምህርት ቤቶች ጉዳት ደርሶባቸዋል። ስለዚህ የቤተ ሙከራ ዕቃ በሌለበት ወይም በጠፋበት ክፍል ውስጥ ምን ዓይነት የተግባር ትምህርት ሊሰጥ ይችላል የሚለው ጥያቄ መልስ ያስፈልገዋል። ፔንዱለም ከመልሶቹ አንዱ ነው፤ የሚጠይቀው አንድ ሲባጎ፣ አንድ ድንጋይ ወይም ጓጉንቸር፣ አንድ ማስመሪያና አንድ የሴኮንድ መቁጠሪያ ብቻ ነውና። በዚህ ጽሑፍ የፔንዱለምን ጥያቄዎች ተማሪው ከነትርጓሜያቸው እንዲፈታ የሚያስችል አቀራረብ በምሳሌ ለማስረዳት ይሞከራል።

1. ፔንዱለም ምንድን ነው?

ከአንድ ከማይነቃነቅ ቦታ ላይ ታስሮ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዝ ማንኛውም አካል ፔንዱለም ሊባል ይችላል። ከዋርካ ቅርንጫፍ ላይ የታሰረ የልጆች ዥዋዥዌ፣ ከቤት ወጋግራ የተንጠለጠለ ፋኖስ ሁሉ የዚህ ዓይነት ናቸው። በካህን እጅ የሚወዛወዘው ጽናም ይመስለዋል፤ ይሁንና ጽናውን እጅ እየመራው ስለሚሄድ ጊዜውን የሚወስነው ሰንሰለቱ ብቻ አይደለም። እኛ የምንነጋገረው አንድ ጊዜ ከተለቀቀ በኋላ ማንም ሳይገፋው በራሱ ስለሚወዛወዝ አካል ነው።

ሦስት ቃላት ከመጀመሪያው ሊጠሩ ይገባል። አንደኛ፣ ርዝመት ሲባል ገመዱ ከታሰረበት ነጥብ እስከ ድንጋዩ መካከል ያለው ርቀት ነው፤ እስከ ድንጋዩ አናት ብቻ የሚለካ ተማሪ ርዝመቱን ያሳንሳል። ሁለተኛ፣ ምልልስ ሲባል ድንጋዩ ከአንድ ጠርዝ ተነሥቶ ወደ ሌላው ጠርዝ ሄዶ እንደገና ወደ ተነሣበት እስኪመለስ ያለው ሙሉ ጉዞ ነው፤ መሄድ ብቻውን ግማሽ ምልልስ ነው። ሦስተኛ፣ ፔሪየድ የሚባለው አንድ ሙሉ ምልልስ የሚፈጀው ጊዜ ነው።

በመማሪያ መጽሐፉ በላቲን ፊደላት የሚጻፈውን ቀመር እኛ በራሳችን ፊደል ልናስቀምጠው እንችላለን። ፔሪየዱን ጊ፣ ርዝመቱን ር፣ የመሬት ስበት በሚወድቅ አካል ላይ የሚፈጥረውን ሽምጠጣ ስ ብንል፦

ጊ = 2 × ፓይ × √(ር ÷ ስ)

ይሆናል። የ√ ምልክት ካሬ ዘርን ያመለክታል፤ ይኸውም በራሱ ሲባዛ በምልክቱ ውስጥ ያለውን ቁጥር የሚሰጠው ቁጥር ማለት ነው። ፓይ 3.1416 ገደማ ነው። ስ በአብዛኛው የመማሪያ መጻሕፍት 9.8 ወይም 9.81 ሜትር በሴኮንድ ካሬ ተብሎ ይሰጣል። ሐይቅ ለምድር ወገብ ቅርብ በሆነው በ11 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ገደማ፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር በሚሆን ከፍታ ላይ የምትገኝ ስለ ሆነች በዚያ ትክክለኛው መጠን ወደ 9.78 ይጠጋል። በሚከተሉት ምሳሌዎች በዚህ ቁጥር እንጠቀማለን።

2. የቀመሩ ትርጓሜ

በቀመሩ ውስጥ ካሉት ነገሮች ይልቅ የሌሉት አስቀድመው ሊስተዋሉ ይገባል። የድንጋዩ ክብደት በቀመሩ ውስጥ የለም፤ ድንጋዩ የተለቀቀበት ማዕዘንም የለም።

ክብደቱ የቀረበት ምክንያት ይህ ነው፦ ድንጋዩ እጥፍ ሲከብድ መሬት የሚስብበት ጉልበት እጥፍ ይሆናል፤ ነገር ግን ድንጋዩን ከቦታው ለማንቀሳቀስ የሚያስፈልገው ጉልበትም እጥፍ ይሆናል። ሁለቱ ስለሚጣፉ ጊዜው አይለወጥም። በዥዋዥዌ ላይ አንድ ልጅ ቢቀመጥ ወይም ሁለት ልጆች ጎን ለጎን ቢቀመጡ ፔሪየዱ ያው ነው። ልጁ ቢቆም ግን ጊዜው በጥቂቱ ያጥራል፤ የሰውነቱ መካከል ወደ ገመዱ ማሰሪያ ስለሚቀርብ ርዝመቱ ያነሰ ያህል ነውና። ይህን ልዩነት ለይቶ ማስረዳት የቻለ ተማሪ ቀመሩን በእርግጥ ተረድቶታል።

ማዕዘኑን በተመለከተ፣ ድንጋዩ ከመካከል እጥፍ ርቆ ቢለቀቅ የሚጓዘው መንገድ እጥፍ ይሆናል፤ ወደ መካከል የሚመልሰው ጉልበትም እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ረጅሙን መንገድ በዚያው መጠን በፈጠነ ጉዞ ይጨርሰዋል። ይህ ግን የሚሠራው ለትንሽ ማዕዘን ብቻ ነው። በ5 ዲግሪ ሲለቀቅ ቀመሩ የሚሳሳተው ከ1,000 ግማሽ ያህል ብቻ ነው፤ በ30 ዲግሪ ስሕተቱ 1.7 በመቶ፣ በ60 ዲግሪ 7 በመቶ፣ በ90 ዲግሪ ደግሞ 18 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ መምህሩ «በትንሽ ማዕዘን» የሚለውን ቃል እንደ ማጌጫ ሳይሆን እንደ ቅድመ ሁኔታ አድርጎ ሊያስተምረው ይገባል።

ርዝመቱ ከካሬ ዘር ሥር የገባበትስ ምክንያት ምንድን ነው? ሁለት ፔንዱለሞች በአንድ ዓይነት ማዕዘን ይለቀቁ፤ የአንደኛው ገመድ የሌላው 4 እጥፍ ይሁን። ማዕዘኑ አንድ ስለ ሆነ በሁለቱም ድንጋዮች ላይ ያለው ሽምጠጣ እኩል ነው፤ የረጅሙ መንገድ ግን 4 እጥፍ ነው። ከፍ ካለ ቦታ ስለሚወድቅ አካል እንደተማርነው፣ በተመሳሳይ ሽምጠጣ 4 እጥፍ መንገድ ለመጨረስ የሚያስፈልገው 4 እጥፍ ጊዜ ሳይሆን 2 እጥፍ ጊዜ ነው። እንግዲህ ርዝመቱ 4 እጥፍ ሲሆን ፔሪየዱ 2 እጥፍ፣ ርዝመቱ 9 እጥፍ ሲሆን ፔሪየዱ 3 እጥፍ ይሆናል። ርዝመቱ እጥፍ ብቻ ቢሆን ፔሪየዱ የሚያድገው 1.41 ጊዜ ብቻ ነው።

3. ጥያቄን የመፍቻ ደረጃዎች

ለተማሪው አራት ደረጃዎችን ማስለመድ ይጠቅማል። በመጀመሪያ ሥዕሉን ሥሎ የተሰጠውንና የተፈለገውን በሚገባው ቋንቋ ይናገር። ሁለተኛ፣ ቁጥር ከመንካቱ በፊት መልሱ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል የሚለውን ይገምት። ሦስተኛ፣ ቀመሩን ለተፈለገው ነገር እንዲስማማ አዘዋውሮ ያስላ። አራተኛ፣ ያገኘውን መልስ ከሚያውቀው ነገር ጋር ያመሳክር። ለማመሳከሪያ የሚሆን አንድ መለኪያ በአእምሮው ይያዝ፤ 1 ሜትር ርዝመት ያለው ፔንዱለም አንድ ምልልስ የሚፈጀው 2 ሴኮንድ ያህል ነው።

ምሳሌ ሀ፦ ከዋርካ ቅርንጫፍ ላይ የታሰረ ዥዋዥዌ ርዝመቱ 3.6 ሜትር ነው። ፔሪየዱ ስንት ነው?

ርዝመቱ ከ1 ሜትር በላይ፣ ከ4 ሜትር በታች ነው። ስለዚህ መልሱ ከ2 ሴኮንድ በላይ፣ ከ4 ሴኮንድ በታች መሆን አለበት። ስሌቱም 3.6 ÷ 9.78 = 0.368፤ የዚህ ካሬ ዘር 0.607፤ በ6.283 ሲባዛ 3.81 ሴኮንድ ይሆናል። ከግምቱ ጋር ይስማማል። ካሬ ዘሩን የረሳ ተማሪ 2.31 ያገኛል፤ ይህ ቁጥር ከ2 በላይና ከ4 በታች ስለ ሆነ ግምቱ አያጋልጠውም። ነገር ግን 3.6 ለ4 የቀረበ ስለ ሆነ መልሱም ለ4 ሴኮንድ መቅረብ አለበት ብሎ ያሰበ ተማሪ ስሕተቱን ወዲያው ያገኘዋል። ግምት በጠበበ መጠን ጥቅሙ የሚበልጠው ስለዚህ ነው።

ምሳሌ ለ፦ ከአንድ ከፍ ያለ ጣሪያ ላይ ገመድ ተንጠልጥሎ ጫፉ ላይ ድንጋይ ታስሯል። የገመዱን ራስ መድረስ አይቻልም። ድንጋዩ 10 ምልልስ በ50 ሴኮንድ ቢፈጽም የገመዱ ርዝመት ስንት ነው?

ፔሪየዱ 50 ÷ 10 = 5 ሴኮንድ ነው። ቀመሩን በሁለቱም ወገን በራሱ አባዝተን ስናዘዋውረው ር = ስ × ጊ × ጊ ÷ 39.48 እናገኛለን፤ 39.48 የተባለው 4 × ፓይ × ፓይ ነው። እንግዲህ 9.78 × 25 ÷ 39.48 = 6.19 ሜትር። ለማመሳከር፣ 5 ሴኮንድ የ2 ሴኮንድ 2.5 እጥፍ ነው፤ 2.5 በ2.5 ሲባዛ 6.25 ስለሚሆን ርዝመቱ ወደ 6 ሜትር መጠጋቱ ትክክል ነው። ተማሪው መሰላል ሳይወጣ የጣሪያን ከፍታ መለካት እንደሚችል ሲያይ ቀመሩ መሣሪያ መሆኑን ይገነዘባል።

4. በክፍል ውስጥ የሚሠራ ሙከራ

ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅም ተማሪው ራሱ የመሬትን ስበት ሽምጠጣ መለካት መቻሉ ነው። ቀመሩ ሲዘዋወር ስ = 39.48 × ር ÷ (ጊ × ጊ) ይሆናል።

ርዝመቱ 0.90 ሜትር የሆነ ፔንዱለም በትንሽ ማዕዘን ይለቀቅ። 50 ምልልስ 95.3 ሴኮንድ ቢፈጅ ፔሪየዱ 1.906 ሴኮንድ ነው። 39.48 × 0.90 = 35.53፤ 1.906 በራሱ ሲባዛ 3.633፤ ስለዚህ ስ = 35.53 ÷ 3.633 = 9.78 ይወጣል።

እዚህ ላይ «ለምን 50 ምልልስ? አንድ ብቻ አይበቃምን?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም፤ ባይነሣም መምህሩ ሊያነሣው ይገባል። የሴኮንድ መቁጠሪያውን የሚጫን እጅ 0.2 ሴኮንድ ቢዘገይና የተለካው አንድ ምልልስ ብቻ ቢሆን 1.906 የነበረው 2.106 ይሆናል፤ ስ ደግሞ ወደ 8.01 ይወርዳል። ያው 0.2 ሴኮንድ በ50 ምልልስ ላይ ሲከፋፈል ግን ስ 9.74 ይሆናል። የእጁ ስሕተት አልተወገደም፤ ለ50 ተካፍሎ አነሰ እንጂ።

ሌላው የተለመደ ስሕተት የአቆጣጠር ነው። ብዙ ተማሪዎች ድንጋዩን ሲለቁ «አንድ» ብለው ይጀምራሉ። በዚህ አቆጣጠር «ሃምሳ» ሲባል የተፈጸመው 49 ምልልስ ብቻ ነው። ጊዜው 93.4 ሴኮንድ ሆኖ ለ50 ሲካፈል ፔሪየዱ 1.868፣ ስም 10.18 ይሆናል። ሲለቀቅ «ዜሮ»፣ የመጀመሪያው ምልልስ ሲፈጸም «አንድ» ማለት ይገባል። በአንጻሩ ርዝመቱ በ1 ሴንቲ ሜትር ተሳስቶ 0.91 ቢባል ስ ወደ 9.89 ከፍ ይላል። ከሦስቱ ስሕተቶች የትኛው እንደሚያመዝን ተማሪዎቹ ራሳቸው እንዲያወዳድሩ ማድረግ ከትክክለኛው መልስ ያላነሰ ትምህርት ይሰጣል።

5. ሰዓቱ ለምን ዘገየ?

ፔንዱለም በሳይንስ ታሪክ ውስጥ የያዘው ቦታ ከፍ ያለ ነው። ጣሊያናዊው ጋሊሌዮ የምልልሱን እኩልነት ከመረመሩት ቀደምቶች አንዱ ሲሆን፣ ሆላንዳዊው ክርስቲያን ሃይገንስ እ.ኤ.አ. በ1656 ፔንዱለምን ሰዓት ለመቆጣጠር ተጠቀመበት። እ.ኤ.አ. በ1672 ፈረንሳዊው ዣን ሪሼ በደቡብ አሜሪካ በምድር ወገብ አቅራቢያ ወደምትገኘው ወደ ካየን ተጓዘ። በፓሪስ በትክክል ይሠራ የነበረው የፔንዱለም ሰዓት በካየን በቀን 2 ደቂቃ ተኩል ያህል ሲዘገይ አየ። ሰዓቱ አልተበላሸም፤ የስበቱ ሽምጠጣ አንሶ ነበር። ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 ባሳተመው መጽሐፉ ይህን ውጤት መሬት በዋልታዎቿ ገባ፣ በወገቧ ወጣ ያለች ለመሆኗ ማስረጃ አድርጎ ጠቅሶታል።

ምሳሌ ሐ፦ ስ 9.81 በሆነበት አገር ተስተካክሎ የተሠራ የፔንዱለም ሰዓት ወደ ሐይቅ ቢመጣ በቀን ስንት ሴኮንድ ይሳሳታል?

በመጀመሪያ አቅጣጫው ይታሰብ። ስ አነሰ፤ ስለዚህ ምልልሱ ይዘገያል፤ ሰዓቱም ወደ ኋላ ይቀራል። የፔሪየዱ ዕድገት የ9.81 ÷ 9.78 ካሬ ዘር ሲሆን 1.00153 ነው። በአንድ ቀን ውስጥ 86,400 ሴኮንድ ስላለ ሰዓቱ በቀን 132 ሴኮንድ፣ ማለትም 2 ደቂቃ ከ12 ሴኮንድ ያህል ይዘገያል። ሪሼ ካየው ጋር የሚቀራረብ ነው። በ2 ሴኮንድ የሚመላለሰው ፔንዱለም በዚያ አገር 99.4 ሴንቲ ሜትር የነበረ ሲሆን በሐይቅ 99.1 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት። ሰዓቱ የሚታረመው ፔንዱለሙን በ3 ሚሊ ሜትር በማሳጠር ነው።

6. ከሐይቁ ዳር ወደ አምባሰል

በአካባቢው ያለ ተማሪ «ፔንዱለሙን ከሐይቁ ዳር ይዤ ወደ አምባሰል ተራራ ብወጣ ልዩነቱን አያለሁን?» ብሎ መጠየቁ ተገቢ ነው። የመሬት ግማሽ ዲያሜትር 6,371 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። 1 ኪሎ ሜትር ከፍ ስንል ከመሬት መካከል ስለምንርቅ ስ ከ10,000 በ3 ያህል ይቀንሳል፤ ፔሪየዱ ደግሞ የዚህን ግማሽ፣ ማለትም ከ10,000 በ1.6 ያህል ይጨምራል። ከእግራችን ሥር ያለው የተራራው ዓለት ራሱ ወደ ታች ስለሚስብ እውነተኛው ልዩነት ከዚህም ጥቂት ያንሳል።

በቀን 13 ሴኮንድ ያህል የሚሆነው ይህ ልዩነት በፔንዱለም ሰዓት ላይ ይታያል። በ1 ሜትር ሲባጎና በ100 ምልልስ ግን የሚገኘው ለውጥ 0.03 ሴኮንድ ብቻ ነው፤ ይህም ከእጃችን ስሕተት እጅግ ያነሰ ነው። ከዚህም በላይ ሲባጎው በሦስተኛ ሚሊ ሜትር ብቻ ቢያጥር ወይም ቢረዝም ያን ያህል ለውጥ ያመጣል፤ የተራራው እርጥበትና ብርድ ለዚህ በቂ ነው። ስለዚህ ተራራ ላይ ወጥቶ «ልዩነት አገኘሁ» የሚል ተማሪ የለካው የተራራውን ከፍታ ሳይሆን የሲባጎውን መወጠር ሊሆን ይችላል። ይህን ለይቶ መናገር መቻል የሳይንስ ታማኝነት መጀመሪያ ነው። መኖሩ በስሌት የታወቀ ነገር ሁሉ በእጅ ባለው መሣሪያ ይለካል ማለት አይደለም።

7. ለመልመጃ የሚሆኑ ጥያቄዎች

አንደኛ፦ አንድ ፔንዱለም በ30 ሴኮንድ 12 ምልልስ ይፈጽማል። ርዝመቱ ስንት ነው? መልሱ 1.55 ሜትር ነው።

ሁለተኛ፦ የአንድ ፔንዱለም ገመድ ወደ ሩቡ ቢያጥርና ድንጋዩ በ3 እጥፍ ቢከብድ ፔሪየዱ ምን ይሆናል? ግማሽ ይሆናል፤ ክብደቱ ለውጥ አያመጣም።

ሦስተኛ፦ የጨረቃ ስበት ሽምጠጣ 1.62 ሜትር በሴኮንድ ካሬ ነው። በሐይቅ 2 ሴኮንድ የሚፈጀው ምልልስ በጨረቃ ላይ ስንት ይፈጃል? መልሱ 4.9 ሴኮንድ ያህል ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደታየው የፔንዱለም ጥያቄዎች ሁሉ ከአንድ አጭር ቀመር የሚወጡ ናቸው። ሆኖም ቀመሩን ማወቅ ብቻውን ጥያቄውን አይፈታም። በቀመሩ ውስጥ ያልገባው ለምን እንዳልገባ፣ የገባውም ለምን በካሬ ዘር እንደገባ የተረዳ ተማሪ ቁጥሩ ቢለወጥበት፣ ቋንቋው ቢከብድበት፣ ጥያቄው ተገልብጦ ቢመጣበት መንገዱ አይጠፋበትም።

መምህራን ከአንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ግማሹን ለሙከራው፣ የቀረውንም ለስሌቱ ቢሰጡ፣ ተማሪዎችም በየቡድናቸው ያገኙትን የስ መጠን በሰሌዳው ላይ ጽፈው ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ቢከራከሩበት መልካም ይሆናል። ክርክሩ መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በእንግሊዝኛ ቢካሄድ ሐሳቡ ከቃሉ ይቀድማል። የቤተ ሙከራ ዕቃ እስኪሟላ መጠበቅ የማያስፈልገው ትምህርት ይህ ነው፤ ድንጋዩም ሲባጎውም በየደጃፉ አለ።